በቆርቆሮው በር ላይ የጻፍኩት ቁጥር

ይህን የምጽፈው ራሴን ከፍ ለማድረግ እንዳይመስላችሁ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ብትታዘቡኝ አልቀየምም፤ እኔም ራሴን ከታዘብኩ ቆይቻለሁ።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ ስምንት ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። የዙሪያውን ገበሬ መሬት ወደ አዲስ አበባ ይጠቀልላል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ የተነሣው ተቃውሞ ከተማዋን የከበቡትን ከተሞች ማናወጥ የጀመረበት ሰሞን ነበር። ያኔ የሠላሳ ዓመት ነርስ ነበርኩ። ቡራዩ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ፣ ጠዋት ጠዋት በአስኮ በኩል አዲስ አበባ እየገባሁ በአንድ የካንሰር ሕክምና ክፍል እሠራለሁ። ሥራዬን እወዳለሁ፤ ከሥራዬ ይበልጥ ግን ሥራዬን ጥሩ አድርጌ መሥራቴን እወድ ነበር። ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ያወቅኩት ኋላ ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ክፍላችን ያልጠበቅነውን ነገር አገኘ። አብራን የምትሠራ አንዲት የአእምሮ ሐኪም፣ ዶክተር ሰናይት እንበላት፣ ለመንግሥት የምርምር ድጋፍ ተወዳድራ አሸነፈች። ጥያቄዋ አጭር ነበር፦ የካንሰር ሕመምተኞች ሕክምናቸውን መሀል ላይ ጥለው የሚጠፉት ለምንድን ነው? የእሷ ግምት ድብርት ነው። ድብርቱ ቶሎ ቢታወቅና ቢታከም ሰው ቀጠሮውን አይተውም ትላለች። እስከዚያ ድረስ ለድብርት ገንዘብ መስጠት ለመንግሥት ይቅርና ለእኛ ለነርሶቹም ቅንጦት ይመስለን ነበር። "ካንሰር ይዞት ታዲያ ይጨፍር?" እያልን እናልፈው ነበር።

ድጋፉ የሚለቀቀው በምዕራፍ በምዕራፍ ነው። በመጀመሪያው ሪፖርት ላይ ብዙ ሰው "ጠፍቷል" ተብሎ ከተመዘገበ ሁለተኛው ምዕራፍ የለም። ስለዚህ እኛ አራት መረጃ ሰብሳቢዎች አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበረን፤ ሰው እንዳይጠፋ። በየሦስት ወሩ እያንዳንዱን ሕመምተኛ ቤቱ ድረስ ሄደን ዘጠኝ ጥያቄ እንጠይቃለን። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የእኔ ድርሻ ነበሩ።

የቤት ቁጥር በሌለበት ሠፈር አንድ ቤት ሁለት ጊዜ ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሞከረ ያውቀዋል። እኔ ዘዴ ነበረኝ። ድሮ በክትባት ዘመቻ ስንዞር የጨረስነውን ቤት በር ላይ በጠመኔ ምልክት እናደርግበት ነበር። ያንን ወደ ጥናቱ አመጣሁት። ክረምት ስለነበር፣ ዝናቡ እንዳያጥበው በማይለቅ ቀይ ማርከር የሕመምተኛውን መለያ ቁጥር በሩ ላይ እጽፋለሁ። የሰውም የበሽታም ስም የለበትም። ማንም አላዘዘኝም። ሌሎቹ ሦስቱም አይተው ወደዱትና ተከተሉኝ። ዶክተር ሰናይት "አንቺን የመሰለ አንድ ሰው ቢጨመርልኝ ምን ነበር" ስትለኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ምስጢር አጠባበቃችንም ጥብቅ ነበር። ሕመምተኞቹ አብዛኞቹ በሽታቸውን ከጎረቤት ስለሚደብቁ፣ "ካንሰር" የሚለውን ቃል ይዘነው ከምንዞረው ወረቀት ሁሉ አውጥተነዋል። የፈቃድ ደብዳቤው፣ ቅጹ፣ የእኔም መታወቂያ "የጤና ሁኔታ ክትትል" ነው የሚሉት። በዚህም እንኮራ ነበር።

አዴ ብርቄን ያወቅኳቸው በዚህ ሥራ ነው። ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብሎ ድርቆሽና ወተት በመሸጥ የሚኖሩ የሃምሳ ዓመት ሴት ናቸው። ግራ ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ወጥቷል፤ የቀረውን ሕክምና በመድኃኒት፣ እኛ ኬሞ በምንለው፣ ይከታተላሉ። ነሐሴ ላይ ስጠይቃቸው ከሃያ ሰባቱ ነጥብ አራቱ ብቻ ነበር የወጣቸው። ይህ ማለት ድብርት የለም ማለት ነው። እየሳቁ ሸኙኝ፤ ስወጣ በቆርቆሮው በራቸው ላይ በቀይ "ሱል 014" ብዬ ጽፌ ሄድኩ።

ኅዳር ላይ ሦስት ወሩ ሞላ።

ያን ማክሰኞ ጠዋት አዲሱ ገበያ ስደርስ ወደ ሱሉልታ የሚጠራው ሚኒባስ አንድ ብቻ ነው። ረዳቱ "ሱሉልታ፣ ሱሉልታ፤ ጫንጮ የለም፣ ጫንጮ የለም" ይላል። ከእንጦጦ ወርደን ሜዳው ላይ ስንደርስ አስፋልቱ ዳር የተገፉ ድንጋዮችና የተቃጠለ ጎማ አየን። በዚያ ሰዓት ወደ ከተማ የሚጎርፉት የወተት መኪናዎች የሉም። ፌዴራል ፖሊስ የጫነ ፒካፕ አልፎን ሄደ።

ዶክተር ሰናይት ደወለች። "መንገዱ ካላማረሽ ተመለሺ፤ ወረቀቱ ይደርሳል" አለችኝ። እሺ አልኳት። አልተመለስኩም። በዚያ ሳምንት ካልተጠየቁ አዴ ብርቄ "ጠፍተዋል" ተብለው ይመዘገባሉ። በእኔ መዝገብ እስከዚያ ቀን አንድ ሰው አልጠፋም ነበር።

ከአስፋልቱ አርባ ደቂቃ ያህል በእግር ያስኬዳል። የድርቆሽ አጨዳ ጊዜ ነበር። በአንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ሃያ የሚሆኑ ወንዶች በደቦ ተሰልፈው እያዜሙ ያጭዳሉ። እኔ ሳልፍ ዜማው ቆመ። ራቅ ብሎ በሌላ ማሳ ላይ ደግሞ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ጎንበስ ብለው አየሁ። ስቀርብ የአዴ ብርቄ ባል ኦቦ ገመቹና ልጃቸው ሌንሴ ናቸው። ግማሹ ሣር ሳይታጨድ ቆሞ ደርቋል።

"አካም ጅርቱ ኦቦ ገመቹ? ደቦው እናንተ ጋ መቼ ነው የሚመጣው?" አልኳቸው፣ ለጨዋታ ያህል።

ኦቦ ገመቹ ቀና ብለው ወደ ወንዶቹ አዩ። "ዛሬን ባትመጪ ጥሩ ነበር። በይ ግቢና ቶሎ ጨርሰሽ ሂጂ" አሉኝ። ሌንሴ ቀና አላለችም።

በሩ ላይ የጻፍኩት ቁጥር በድንጋይ ተፍቆ ነበር፤ ማርከሩ ግን እንዳልኩት የማይለቅ ነው። ከሥሩ በከሰል የተጻፈ አንድ ቃል አለ፤ እሱንም ሰው ሊያጠፋው ታግሎ ስላበላሸው አይነበብም። የልጆች ሥራ ነው ብዬ አለፍኩት።

አዴ ብርቄ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። መክሳታቸው አላስደነገጠኝም፤ መድኃኒቱ ያከሳል። ያስደነገጠኝ ሰላምታቸው ነው። የነሐሴዋ ሴት አንገቴን አቅፈው አራቴ የሳሙኝ ናቸው። አሁን ግን እጃቸውን ሰጥተውኝ ወዲያው መለሱት። ቅጹን አውጥቼ ጀመርኩ።

እንቅልፍ? የለም። ምግብ? አይወርድም። ይደሰቱበት የነበረ ነገር? "ምን ነበር እሱ?" አሉኝ። እያንዳንዱ መልስ ከፍተኛውን ነጥብ እየያዘ ወረደ። እጄ ሲሞላው አየዋለሁ። ዘጠነኛው ላይ ደረስኩ።

"ባለፉት ሁለት ሳምንታት 'ብሞት ይሻለኛል' የሚል ሐሳብ ስንት ቀን መጣብዎት?"

"ሳይመጣብኝ የዋለበትን ቀን ብትጠይቂኝ ይቀለኛል" አሉኝ።

ደመርኩት፤ ሃያ ሦስት። በሦስት ወር ከአራት ወደ ሃያ ሦስት የወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። በደንባችን መሠረት እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ ምክንያቱን ጠይቀን፣ ለዶክተሯ ደውለን፣ በዚያው ዕለት ሕክምና እናመቻቻለን። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

"አዴ ብርቄ፣ ሕመሙ ጠናብዎት?"

"ሕመሙማ ምን አለኝ።" በእጃቸው ወደ በሩ አመለከቱ። "አንቺ ነሽ ልጄ። በሩ ላይ የጻፍሽው ነው።"

አልገባኝም ነበር። እሳቸውም አይተውኝ እንዳልገባኝ ስላወቁ ቀስ ብለው ነገሩኝ።

"አንቺ ጽፈሽ በሄድሽ በሳምንቱ ጎረቤት መጥቶ ገመቹን 'ይሄ ምንድን ነው?' አለው። ምን ይበል? 'አላውቅም' አለ። የገዛ በሩ ላይ ያለውን አላውቅም የሚል ሰው ማን ያምናል? ቀጥሎ የማስተር ፕላኑ ወሬ ባሰ። ሊፈርስ ነው የተባለ ቤት ላይ ከተማ ውስጥ በቀይ አይደል የሚጽፉት? በዚህ ሠፈር ቀይ ያለበት በር የእኛ ብቻ ነው። ገመቹ መሬቱን ለደላላ ሸጧል፣ የእኛንም አሳይቷል ተባለ።"

"ይህን ሁሉ በአንድ ቁጥር?"

"ሰላምታ ቀረ። የኦቦ ቱፋ ድርቆሽ ሲታጨድ ገመቹ ማጭዱን ይዞ ደቦ ሄደ፤ 'ሰው ሞልቶናል' ብለው መለሱት። ሃያ ስምንት ዓመት አብሯቸው ያጨደ ሰው። ከሰሉን አየሽው? 'ተሸጧል' ነው የሚለው። ሌንሴ ናት በእጇ ያጠፋችው።"

"ኬሞውስ?"

"ሁለት ቀጠሮ አለፈኝ። ወደ ከተማ በወጣን ቁጥር 'ክፍያ ሊቀበሉ ሄዱ' ይላሉ። ገመቹም ድርቆሹን ብቻውን ጥሎ የት ይሄዳል?"

ወረቀቱ ላይ ዓይኔን ተክዬ ቀረሁ። አስቡት፤ የካንሰር ሕመምተኞች በድብርት ምክንያት ሕክምናቸውን ለምን እንደሚተዉ ለማጥናት መንግሥት ገንዘብ ሰጥቷል። እኔ ደግሞ በዚያ ጥናት ስም ሄጄ፣ ያልነበረባቸውን ድብርት ሰጥቼ፣ ሕክምናቸውን አስትቼ፣ አሁን ቁጭ ብዬ ነጥብ እየሞላሁ ነው።

"ታዲያ እውነቱን ለምን አልነገሯቸውም?" አልኩ።

አዴ ብርቄ ወደ በሩ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሌንሴን የኦቦ ቱፋ ልጅ ሊያገባት ሽማግሌ ተልኮ ተስማምተናል። ከጥምቀት በኋላ ነው። ይሄ ሁሉ ወሬ ተወርቶ እንኳን ኦቦ ቱፋ 'ይጣራ' ብለው አላቋረጡትም። መሬት አለመሸጡ አንድ ቀን ይታያል። ካንሰር ግን አንዴ ከተሰማ ተሰማ ነው። በዘር ይሄዳል ይላሉ፣ ልጄን ማንም አያገባትም። ለሰዉ ለሐሞት ጠጠር ነው የተቀደድኩት ብያለሁ። ገመቹ 'ሻጭ' እየተባለ ዝም ያለው ለዚህ ነው። እባክሽ፣ አንቺም ዝም በይ።"

"በሥራዬ ምያለሁ" አልኳቸው። እውነትም ምያለሁ።

ከዚያ ያደረግኩትን ሳስበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ጥፋቴን አሁኑኑ ማጥፋት ፈለግኩ። ከቦርሳዬ አልኮልና ጥጥ አውጥቼ፣ በሩ ጋ ሄጄ፣ ቁጥሩን መፈተግ ጀመርኩ። አልኮል ማርከርን ያስለቅቃል። ቀዩ እየቀለጠ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ደስ አለኝ። ከኋላዬ የእግር ድምፅ ስሰማ "ሱል" የሚለው ብቻ ጠፍቶ ነበር።

ዘወር ስል ደቦው እንዳለ መጥቷል፤ ማጭዶቹ እጃቸው ላይ ናቸው።

ከፊት የቆመው ለሚ የሚባል፣ ከዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተቋርጦ የመጣ ወጣት ነው። "ጻፍሽው፤ ዛሬ ደግሞ ምን ሆኖ ነው የምታጠፊው?" አለኝ ጥርት ባለ አማርኛ።

"ነርስ ነኝ። ለጤና ክትትል ነው የመጣሁት።"

"የማን ጤና?"

ቦርሳዬን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። መጀመሪያ የወጣው ደብዳቤው ነው፤ የመንግሥት ማኅተም ያለበት፣ "በመንግሥት የምርምር ድጋፍ የሚካሄድ" የሚል። በሌላ ጊዜ በር የሚያስከፍትልኝ ማኅተም ነበር። ቀጥሎ የወጣው በእጄ የሣልኩት ንድፍ ነው። ቤቱን እንዳልስት ከአስፋልቱ ጀምሮ ወንዙን፣ ባሕር ዛፉን፣ የየሰዉን ማሳ ከነባለቤቱ ስም ጽፌበታለሁ። ለሚ ወረቀቱን ዘርግቶ ስሞቹን ጮክ ብሎ አነበበ። "ቱፋ። ዲንቃ። በዳዳ።" ስሙ የተጠራው ሁሉ አንድ እርምጃ ቀረበ።

"ይሄ የጤና ነው?" አለኝ።

ወደ ኦቦ ቱፋ አውድማ ወሰዱኝ። ማንም እጁን አላሳረፈብኝም፤ ይህን መናገር አለብኝ። የድርቆሽ እስር ላይ አስቀመጡኝ፤ አንዲት ሴት ውሃ አመጣችልኝ። ስልኬ ግን ለሚ ኪስ ገባ። ኦቦ ገመቹ ተጠርተው መጡ፤ አዴ ብርቄም ጋቢያቸውን ተከናንበው ከሴቶቹ ጋር ዳር ቆሙ። ሰዓቱ አምስት ይሆናል።

ኦቦ ቱፋ ስልሳ ያለፋቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። "ልጄ፣ እኛ ክፉ አይደለንም" አሉኝ። "መሬታችንን የነካ ሁሉ ግን ክፉ አድርጎናል። እዚህ ስንት ቤት አለ? ሃምሳ። ለምን የእሱ በር ብቻ?"

"ለጥናት በዕጣ የደረሰው የእሳቸው ቤት ስለሆነ ነው" ብዬ ዋሸሁ።

"ታዲያ የእኛ ስም ምን ይሠራል?" አለ ለሚ።

"መንገድ እንዳይጠፋኝ ነው።"

"ቅጹ ላይ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ይጠይቃል" አለ አንዱ ወረቀቱን ይዞ። "ምን በሽታ እንደሆነ ግን አይልም። በሽታ የሌለው ጥናት አለ?"

ምስጢር ለመጠበቅ ብለን ያወጣነው ቃል እዚያ ወረቀት ላይ ቢኖር ኖሮ በአንድ ደቂቃ እለቀቅ ነበር። አሁን ቃሉ ያለው እኔ አፍ ውስጥ ብቻ ነው።

ጥያቄው ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመጣል። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። ከዚያ ከአስፋልቱ በኩል ተኩስ ተሰማ። ሦስት፣ ቀጥሎ ብዙ። ሴቶቹ ጮኹ። ከሜዳው ማዶ ጭስ ወጣ። አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ በኦሮምኛ የተናገረው ሁሉ ባይገባኝም "ወታደር" የሚለው ገባኝ። የሰዉ ፊት ሲቀየር አየሁ። እስከዚያ ድረስ እንግዳ ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ ግን ተኳሾቹን ያመጣሁ ሆንኩ። አንዱ ማጭዱን ከግራ ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ። ሌላ ምንም አላደረገም።

ኦቦ ቱፋ ወደ ኦቦ ገመቹ ዞሩ። "ገመቹ፣ ማልልኝ። መሬቱን አልሸጥክም?"

"አልሸጥኩም። ይሄ አፈር ይብላኝ" አሉ ኦቦ ገመቹ።

"ያ ጽሑፍ ምንድን ነው ታዲያ?"

ኦቦ ገመቹ መሬት መሬት አዩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣም። ሃያ ሰው እያያቸው፣ ተኩስ እየተሰማ፣ ዝም አሉ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ልናገር ወሰንኩ። ለመወሰን ያህል እንኳን አላሰብኩም፤ መኖር ፈለግኩ፣ በቃ። አፌን ከፍቼ "ኦቦ ቱፋ፣ እሳቸው እኮ..." አልኩ።

"ቆይ" የሚል ድምፅ ከሴቶቹ መሀል መጣ።

አዴ ብርቄ ወደ መሀል ገቡ። ወንዶቹ መንገድ ለቀቁላቸው። በአገራችን እናት ጡቷን አውጥታ "በዚህ ጡት" ብላ ከለመነች ጠብ እንደሚቆም ታውቃላችሁ። አዴ ብርቄ ጋቢያቸውን ጣሉ፤ የቀሚሳቸውን ደረት በሁለት እጃቸው ከፈቱ። ወንዶቹ ምን ሊመጣ እንደሆነ ስለገባቸው ፊታቸውን ዝቅ አደረጉ። ከግራ በኩል በጡቱ ቦታ የነበረ የታጠፈ ጨርቅ መሬት ላይ ወደቀ።

"ቀና በሉ" አሉ በኦሮምኛ፤ ይህን እኔም ሰማሁት። ከዚያ በአማርኛ ደገሙት፣ ለእኔም ጭምር መሰለኝ። "ቀና በሉና እዩ። በጡቴ ልለምናችሁ ነበር፤ የለኝም። ካንሰር በልቶት ቆርጠው ጣሉት። ይህች ልጅ የመጣችው እኔን ልትጠይቅ ነው። ቁጥሩ የእኔ ነው፤ የመሬት አይደለም።"

እንዲህ ያለውን ቁስል በሥራዬ ስንት ጊዜ በፋሻ ሸፍኜዋለሁ። ያን ቀን ግን እንደ አዲስ አየሁት። ከብብት እስከ ደረት አጥንት ድረስ በእርሻ ሜዳ ፀሐይ ላይ፣ በሃያ ወንድ ፊት። ለሚ ወረቀቱን ከእጁ ጣለው። ከሴቶቹ አንዷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ተንሰቀሰቀች። ሌንሴ ከዳር ቆማ ኦቦ ቱፋን ብቻ ታያለች።

ኦቦ ቱፋ የራሳቸውን ጋቢ አውልቀው አዴ ብርቄን ሸፈኗቸው። ከዚያ ኦቦ ገመቹን "ለምን አልነገርከኝም? እኔ ለአንተ ማን ነኝ?" አሏቸው።

"ገላው የእሷ ነው" አሉ ኦቦ ገመቹ። "የእኔ አይደለም ልናገረው።"

ሦስት ወር ሙሉ ከሰው ተገልለው የጠበቁትን ነገር እኔ፣ ምሐላ ያለብኝ ነርስ፣ ግማሽ ቀን እንኳን መጠበቅ አቃተኝ።

ተኩሱ ጋብ ሲል ኦቦ ቱፋና ለሚ ራሳቸው እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። ለሚ ስልኬን ሲሰጠኝ "ሲስተር፣ አታቂሚብን" አለኝ። ምን ብዬ እቀየማለሁ? ለዶክተር ሰናይት እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። "ስንት በር ላይ ነው የጻፍነው?"

በማግስቱ አራታችንም አልኮልና ጥጥ ይዘን ወጣን። በቡራዩ አንዲት እናት ቁጥሩን ራሳቸው በቀለም ቀብተውት አገኘን፤ ለምን እንደሆነ ስንጠይቅ "አከራዬ ፈራ" አሉ። በሰበታ ደግሞ የአንድ የጉሮሮ ካንሰር ሕመምተኛ ቤት ባዶውን አገኘነው። ቁጥሩ በሩ ላይ እንዳለ ነው፤ ሰውየውና ቤተሰቡ ግን በሌሊት ጓዛቸውን ጭነው ሄደዋል። የት እንደሄዱ የሚያውቅ አጣን። ወደ ሕክምና ክፍላችንም ተመልሰው አልመጡም። በመዝገባችን ላይ "ጠፍተዋል" ነው የሚለው።

ዶክተር ሰናይት የሆነውን አንድም ሳትደብቅ ድጋፉን ለሰጠው ቢሮ ጻፈች። ጥናቱ ለጊዜው ታገደ፤ ደንቡ ተለውጦ ቀጠለ። አዴ ብርቄን በዚያው ሳምንት አስመጥታ ማከም ጀመረች።

እናንተ ሰው ቤት ወረቀት ይዛችሁ የምትገቡ፣ ሕዝብ ቆጣሪዎች፣ ነርሶች፣ ተማሪዎች፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። እኛ ስንወጣ ጥያቄው ያለቀ ይመስለናል። የጻፍነውን ይዞ የሚኖረው ግን የቤቱ ሰው ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሰው ቤት ስወጣ "እኔ ከሄድኩ በኋላ ስለ መምጣቴ ለጎረቤት ምን ይላሉ?" ብዬ ሳልጠይቅ አልወጣም። ማርከር በቦርሳዬ አልይዝም። በጎነቴን ለመንገር አይደለም፤ ስለምፈራ ነው።

ታሪኩ ግን እዚህ አላለቀም። ለባልደረቦቼ ስነግረው ሁልጊዜ አውድማው ላይ አቆማለሁ። ለእናንተ ልጨርሰው።

የካቲት ላይ ለሦስተኛው ዙር ተመልሼ ሄድኩ። በአውድማው ማግስት ጠዋት ደቦው ሳይጠራ መጥቶ የኦቦ ገመቹን ድርቆሽ በአንድ ቀን አጭዶ ከምሮ እንደሄደ አዴ ብርቄ ነገሩኝ። ኬሞውን ቀጥለዋል። ጥምቀት አልፏል፤ የኦቦ ቱፋ ሽማግሌዎች ግን ቀን ሊቆርጡ አልመጡም። ማንም ቀርቷል አላለም። ኦቦ ቱፋ በየሳምንቱ ወተት ይዘው ይጠይቋቸዋል፤ ስለ ልጆቹ አያነሱም። ሌንሴ እኔ ስገባ ባልዲዋን አንሥታ ወጣች።

ቅጹን ዘረጋሁ። እንቅልፍ ደህና ነው። ምግብ ይወርዳል። ነጥቡ እየቀለለ ሄደ፤ በሪፖርታችን ላይም ሕክምናው የረዳቸው ሰው ሆነው ነው የተመዘገቡት። መሀል ላይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ሦስት ወር የተሸከምኩትን ልናገር ፈለግኩ።

"አዴ ብርቄ፣ ያን ቀን ስላዳኑኝ አላመሰገንኩዎትም። ለእኔ ብለው በልጅዎ ትዳር..."

"ለአንቺ ብዬ አይደለም" አሉኝ። አልተቆጡም፤ እጄን ያዝ አድርገው ነው። "ዝም ትያለሽ ብዬ ነበር። አፍሽ ሲከፈት አየሁት። ካልቀረማ ከአንቺ አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው የተነሣሁት።"

ዓይኔን ወደ ቅጹ መልሼ የሚቀጥለውን ጥያቄ አነበብኩላቸው።